ምን አጥፍቼ ልታሰር?

ኮልፌ አጠና ተራ አካባቢ ከሰዓት በኋላ ቡና የምጠጣበት ቦታ አለኝ። ቦታ ስል አራት በርጩማ፣ አንድ ረከቦት፣ አንድ የተቀደደ ጃንጥላና ከፊት ለፊት በመሠራት ላይ ያለ ሕንፃ ማለቴ ነው። ሕንፃው የቡናው አካል ነው። ቡና ሻጯ ዕጣን ታጨሳለች፣ ሕንፃው የሲሚንቶ አቧራውን ይለቃል፣ እኛ መሀል ላይ ተቀምጠን ሁለቱንም እንምጋለን። ቴሌቪዥን የላትም። ስለዚህ ሁላችንም አንገታችንን ወደ ላይ ሰብቀን ጂ ፕላስ 4 እናያለን። ከቴሌቪዥን የሚሻልበትም ነገር አለው፤ ማስታወቂያ የለውም፣ መብራት ሲጠፋም አይቋረጥም።

አንድ ቀን ሦስተኛው ፎቅ ላይ ጭራ ያለው ሰው አየሁ።

መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩ። ጭራው አሁንም አለ። ከአጠና መወጣጫው ላይ ቆሞ ግድግዳ የሚለስን ወጣት ነው፤ ከጀርባው ቢጫ ጭራ ተንጠልጥሏል። ሲራመድ ይከተለዋል፤ ሲዞር እግሩ ላይ ይጠመጠማል፤ እሱም እንደ ሙሽራ ቬሎ በግራ እጁ ሰብሰብ አድርጎ ወደ ኋላ ይወረውረዋል። ጫፉ ላይ ያለው ብረት አጠናውን በነካ ቁጥር ቃ! ይላል። ቀና ብዬ ሳስተውል ጭራ ያለው እሱ ብቻ አይደለም። ሰባት ሆነው ሰባቱም አብቅለዋል።

«ምን መጣባቸው?» አልኳት ቡና ሻጯን።

«ሴፍቲ ነዋ፣ ጋሼ» አለችኝ ሲኒ እያለቀለቀች። «ሰሞኑን አደሏቸው።»

ለማያውቁት ላስረዳ። የሳይት ሰው «ሴፍቲ ቤልት»፣ ሲያቆላምጠው «ሴፍቲ» የሚለው ነገር በሁለት ትከሻና በሁለት ጭን ዙሪያ የሚታሰር ጠንካራ ቀበቶ ነው። ጀርባ ላይ፣ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ቀለበት አለው፤ ከቀለበቱ ሁለት ሜትር ገደማ ገመድ ይወጣል፤ ከገመዱ ጫፍ መንጠቆ አለ። ሰውየው ሲንሸራተት መንጠቆው የማይነቃነቅ ነገር ላይ ከተያዘ አየር ላይ ይቀራል። ካልተያዘ ሰውየውና ቀበቶው ተያይዘው ይወርዳሉ። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የተሠራው ለመንጠቆው ነው፤ ትከሻ ላይ የሚውለው፣ ጭን ላይ የሚጠብቀው፣ ዘለበቱ፣ ቀለበቱ ሚዜ ነው። እኛ ሳይት ሚዜው ሁሉ መጥቶ ሙሽራው ቀርቷል።

መንጠቆው ሥራ ፈትቶ ይውላል እንዳትሉ ደግሞ። ጠዋት ጃኬት ይሰቀልበታል። ረፋዱ ላይ የምሳ ዕቃ። አንዱ ስልኩን በፌስታል ጠቅልሎ አንጠልጥሎበት ዘፈን ሲያዳምጥ አይቻለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሲሚንቶ ባልዲ ይሰቀልበታል። ሠራተኛው ለመንጠቆው ያላገኘለት አገልግሎት የተሠራበትን ብቻ ነው።

አንድ ቀን ያ መጀመሪያ ያየሁት ባለ ጭራ ለቡና ወረደ። አጠገቤ ሊቀመጥ ሲል መንጠቆው የበርጩማው እግር ውስጥ ገብቶ ያዘው፤ ልጁ ተንገዳገደ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሰው ይዞ የማያውቅ መንጠቆ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ሥራውን አሳየን።

«ጎበዝ» አልኩት፣ «እዚያ ላይ ስትሆን ለምን አትታሰርም?»

«ምን አጥፍቼ ልታሰር፣ ጋሼ?»

በርጩማው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ቋንቋችን በዚህ በኩል ለሴፍቲ አልተመቸም። «ታሰር» ስትለው ሰው የሚታየው ጣቢያ ነው፤ መቆያ ክፍል፣ ዋስ፣ ቃል መስጠት። በደህና ጊዜ እንኳ ደስ የማይል ቃል ነው። በዚያ ላይ ልጁ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ገመድ የሚገባው ለበግ ይመስላል።

ከሳቁ በኋላ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቁም ነገር ጠየቀኝ፦ «ደግሞስ ምኑ ላይ ልሰረው?»

በዚያ ሳይት ከተጠየቁት ጥያቄዎች ሁሉ የምህንድስና ጥያቄ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። የአውሮፓውያን ደረጃ መንጠቆው የሚያርፍበት ነገር ቢያንስ 12 ኪሎ ኒውተን ይቻል ይላል። የአዲስ አበባ ሰው ኪሎ ኒውተን ባይገባው አይፈረድበትም፤ ቪትዝ ግን ይገባዋል። 12 ኪሎ ኒውተን ማለት 1,200 ኪሎ ገደማ ሲንጠለጠልበት ንቅንቅ የማይል ማለት ነው፤ አንዲት ቪትዝ ከነሹፌሯና ከነተሳፋሪዋ። አሜሪካኖቹ ደግሞ የባሱ ፈሪዎች ናቸው፤ 5,000 ፓውንድ ይላሉ፣ ከ2,260 ኪሎ በላይ። ሁለት ቪትዝ እንበለው።

ይኼ ሁሉ ለአንድ ስድሳ ኪሎ ለማይሞላ ለሳኝ ነው? አዎ፣ የሚወድቅ ሰው ስድሳ ኪሎ አይደለማ። ዝም ብሎ የተንጠለጠለ ሰው ሌላ፣ ሁለት ሜትር ወርዶ ድንገት የተገታ ሰው ሌላ። ጆንያ ጤፍ ትከሻችሁ ላይ ቀስ ብሎ ሲጫንና ከመኪና ላይ ሲወረወርባችሁ ያለውን ልዩነት አስቡት።

አሁን ወደ አጠናው እንመለስ። እኔ የአጠና ጠላት አይደለሁም። የምኖረው በስሙ በተጠራ ሰፈር ነው። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ባይመጣ ኖሮ አዲስ አበባ ራሷ እንጨት ፍለጋ ወደ ሌላ ቦታ ትነሣ ነበር ይባላል። ግድግዳችን እሱ፣ አጥራችን እሱ፣ ማገዷችን እሱ፣ የመብራት ምሰሷችን እሱ፣ መሰላላችን እሱ። አጠና ግን ሲቆሙበት የሚችል፣ ሲወድቁበት የማይችል ወዳጅ ነው። ተራው ላይ ገዢ ሲመርጥ ቆማችሁ እዩ፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ቀጥ ማለቱን ያያል፣ በእጁ ያህላል፣ ዋጋ ይከራከራል። ስንጥቅ የሚፈልግ፣ ያረጀውን ለይቶ የሚጥል ሲያጋጥም ሻጩ ራሱ ይገርመዋል። ከዚያ አጠናው ሳይት ይገባል፤ በምስማርና በሽቦ ይያያዛል፤ ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው ይዞራል፤ ምስማር ሲተከልበትና ሲነቀልበት ወንፊት ያክላል። ጡረታ ሲወጣ ማገዶ ነው። ልጁን «እዚህ ላይ ተማመን» የምንለው ይህንን ነው።

መንጠቆው ማረፍ የነበረበት የአርማታው ምሰሶ ላይ ነበር። በምሰሶው ዙሪያ ጠንካራ ማሰሪያ ይጠመጠማል፣ ወይም ከምሰሶ ምሰሶ የብረት ገመድ ይወጠርና ሠራተኛው መንጠቆውን በሱ ላይ እያንሸራተተ ይሠራል። ታምር የለውም። ይህንን ማዘጋጀት ያለበት ግን ለሳኙ አይደለም። ለሳኙ የተሰጠው ልብስ ብቻ ነው፤ ቁልፍ ሰጥቶ በር እንደመንፈግ ነው።

ልጁ ሲነሣ የጭኑ ማሰሪያ ተፈትቶ ሲወዛወዝ አየሁ። «ያሳክካል» አለኝ። ደንቡ በጭንና በማሰሪያው መካከል መዳፍ ይግባ፣ ጡጫ አይግባ ነው። የሱ ድፎ ዳቦ ያስገባል። መንጠቆው ቢያዝ እንኳ ቀበቶው እላይ ይቀራል፣ ልጁ ከሥሩ ሾልኮ ጉዞውን ይቀጥላል።

ማክሰኞ ማክሰኞ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ይህንን ለማወቅ ቀጠሮ መያዝ አያስፈልግም። ነጩ ፒክአፕ ከመታጠፊያው ብቅ ሲል ዘበኛው የአጥሩን ቆርቆሮ ሁለቴ ይደበድባል። ቋ ቋ! ፎርማኑ ከታች «ታሰሩ! ታሰሩ!» ይላል። ያን ጊዜ ሕንፃው ላይ የሚደረገውን ሽርጉድ ለማየት ቡናውን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ባልዲ ይወርዳል፣ ጃኬት ይለበሳል፣ የምሳ ዕቃ ይደበቃል። አንዱ መንጠቆውን አጠናው ላይ ጣል ያደርጋል። አንዱ ገና ያልተበየደ የመስኮት ብረት ላይ። አንዱ እንዳሠረ እንዲመስል መንጠቆውን መልሶ የራሱ ቀበቶ ላይ ያያይዘዋል፤ ራሱን በራሱ አሠረ ማለት ነው። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሦስተኛው ፎቅ ጥግ ላይ ያሉት ሁለቱ ናቸው፤ አንዱ በሌላው ቀበቶ ላይ፣ ሌላው በአንዱ ቀበቶ ላይ ተያያዙ። ጓደኝነት እስከ መቃብር ሲባል እሰማ ነበር።

ተቆጣጣሪው ይወርዳል። ሄልሜቱን ያጠልቃል። ቀና ብሎ ያያል፤ ቢጫ ነገር ያያል፤ ይረካል። ፎቶ ያነሣል። ፎቶው ወዲያው የሳይቱ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይገባል፤ አውራ ጣት በአውራ ጣት ላይ ይደረደራል። መኪናው ሲታጠፍ ቆርቆሮው አንድ ጊዜ ቋ! ይላል። ባልዲው ወደ መንጠቆው ይመለሳል።

ይህን ስታነቡ «ወይ የኮንስትራክሽን ሰው!» እንዳትሉ። የኔና የናንተ ታክሲ ሹፌር ትራፊክ ሲያይ የወንበሩን ቀበቶ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በእጁ ይዞ ያልፋል። አይቆልፈውም። መያዙ ከመቆለፉ ይልቅ ያደክማል፣ ግን ይይዘዋል። ጋቢና የተቀመጥነውም እንዲሁ እናደርጋለን። ትራፊኩን ስናልፍ እንለቀዋለን፤ እፎይ እንላለን፤ አንድ አደጋ ያለፍን ይመስለናል። አደጋ የምንለው ቅጣቱን ነው።

ነገሩ ሆዴን ስለቆረጠኝ አንድ ቅዳሜ የሴፍቲ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ገባሁ። ስሙን አልናገርም፤ ሱቁ ብቻውን አይደለምና። ሁለት ዓይነት ተሰቅሏል፤ አንደኛው ትከሻም ጭንም ያለው፣ ሁለተኛው ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰር።

«ይኼ የወገቡ ቢወድቁ ይይዛል?»

«ኦርጅናል ነው፣ አባቴ።»

«ስንት ኪሎ ይችላል?»

«ኦርጅናል ነው እኮ የምልዎት!»

«የተሠራበት ዓመት የት ጋ ተጽፏል?»

እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ከኔ ወስዶ የወደቀ የለም።» ወድቆ ተመልሶ መጥቶ የሚከስስ ስለማይኖር እውነቱን ሊሆን ይችላል።

የወገቡን ነገር ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ ለመውደቂያ መያዣነት ከታገደ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1998 ጀምሮ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ወገቡ ላይ ብቻ የተያዘ ሰው ሲገታ ግፊቱ ሁሉ ሆድ ዕቃው ላይ ያርፋል፤ ወይም ተገልብጦ ይሾልካል። የወገብ ቀበቶ ጥሩ አገልግሎት አለው፤ እንዳትወድቅ ተደግፈህ የምትሠራበት ነው። ይህን በደንብ የሚያውቀው መብራት ኃይል እያልን የምንጠራው ቤት ምሰሶ ወጪ ነው። ልጅ ሆነን ከሥሩ ቆመን እናየው የነበረ ሰው፤ ባለ ሹል ብረት ጫማውን ምሰሶው ላይ እየተከለ፣ ቀበቶውን በምሰሶው ዙሪያ አሳልፎ ወደ ኋላ ለጠጥ ብሎ ሁለት እጁን ነፃ አድርጎ የሚሠራው። እሱን «ለምን ታሠርክ?» ብሎ የሳቀበት አላየሁም። ካልታሠረ እጁ ምሰሶውን ያቅፋል፣ ካቀፈ አይሠራም። ለሱ ቀበቶው መሣሪያው ነው። ለኛ ለሳኝ ግን የመሥሪያ ቤት ባጅ ነው።

ወደ ሕንፃው ልመለስ። አንድ ታዛዥ ልጅ ነበረ፤ ሁልጊዜ የሚያስር። አንደኛው ፎቅ ላይ ይሠራል፤ ከመሬት ሦስት ሜትር ይሆናል። መንጠቆውን እግሩ ሥር ያለው አጠና ላይ ይይዛል። ሁላችንም አደነቅነው። እኔ ግን ማታ ቤት ገብቼ ወረቀት ላይ አሰላሁና እንቅልፍ አጣሁ። እግር ሥር ያሠረ ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ ከጀርባው ቀለበት እስከ መንጠቆው ያለውን ከፍታ ይወርዳል፤ ከዚያ የገመዱን ርዝመት ይወርዳል፤ ከዚያ ድንጋጤውን የሚያበርደው የታጠፈ ክፍል እየተተረተረ እስከ 1.75 ሜትር ድረስ ሊረዝም ይችላል፤ ከቀለበቱ በታች ደግሞ የራሱ ቁመት አለ። ከጭንቅላቱ በላይ ቢያስር ኖሮ አብዛኛው ይቀርለት ነበር። እግሩ ሥር አሥሮ ከሦስት ሜትር ቢወድቅ ግን ገመዱ ሳይወጠር መሬት ይቀድመዋል። ሙሉ ቀበቶ ለብሶ፣ ዘለበት ቆልፎ፣ መንጠቆ አሥሮ፣ ሥርዓቱን ሁሉ ፈጽሞ ይወድቃል። በማግስቱ ነገርኩት። «ጋሼ፣ ታዲያ ባላስር አይሻልም?» አለኝ። እዚህ ላይ መልስ አጥቼ ሁለተኛ ቡና አዘዝኩ። «ከጭንቅላትህ በላይ እሰር» ማለት ነበረብኝ፤ ያሰብኩት አልጋዬ ላይ ነው።

ለምን አያስሩም ስትሏቸው የሚደረደረው ሰበብ ብዙ ነው። ሙቀቱ፣ ማሳከኩ፣ «ልማድ ነው»፣ «የተጻፈ አይቀርም»። ኮልፌ ደግሞ የተጻፈውን ለማስቀየር ከሁሉም አቅጣጫ የሚጸለይበት ሰፈር ነው፤ ደወሉም አዛኑም ይሰማል። አንድ ጢሙን ያሳደገ አናጢ ግን እውነቱን ነገረኝ። «በካሬ ነው የምንሠራው።» አለቀ። ለሳኝ የሚከፈለው በለሰነው ካሬ ሜትር ነው። መንጠቆ መፍታትና ማሠር፣ ሁለት ሜትር ሄዶ እንደገና መፍታትና ማሠር ካሬ አይደለም። ማንም አይከፍልበትም። ስለዚህ ልጁ የሚለሰነው ግድግዳ ሲረዝም መንጠቆው ይረሳል። ባለቤቱ ለኮንትራክተሩ በቁርጥ ሰጥቷል፤ ኮንትራክተሩ ለልስን ተቋራጩ በቁርጥ፤ እሱ ለለሳኙ በካሬ። ከላይ እስከ ታች ሲቆራረጥ የመጣው ዋጋ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው አጠናው ጫፍ ላይ በቆመው ነው። «ወንድ ልጅ አይታሰርም» የሚለው ፉከራ ከዚህ በኋላ የመጣ ጌጥ ይመስለኛል።

ሕግ የለም ደግሞ አትበሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው የመከላከያ መሣሪያ ያቅርብ ይላል፤ አቅርቦም አይተውም፣ አጠቃቀሙን ያስተምር ይላል። አንቀጽ 93 ሠራተኛው በአግባቡ ይጠቀምበት ይላል። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ነው። ሆኖም አዋጁ አንድ ቀዳዳ ትቷል፤ ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ጥሶ ከተጎዳ ሆን ብሎ ራሱን እንደጎዳ ይቆጠርበታል።

ይህችን ቀዳዳ ያወቃት ሰው በዚያ ሳይት አለ። ቀበቶው የታደለ ዕለት ምን እንደተደረገ ልጁን ጠየቅኩት። ስልጠና? የለም። ማሠሪያ ቦታ ማሳየት? የለም። «ፈርሙ አሉን፣ ፈረምን።» ወረቀቱ ላይ ምን እንደተጻፈ አላነበበም፤ ምሳ ሰዓት ነበር። እንግዲህ በዚያ ግቢ በቁልፍ የሚጠበቅ፣ ፀሐይና ሲሚንቶ የማይነካው፣ በየማኅደሩ ተሰክቶ የተቀመጠ አንድ የደኅንነት መሣሪያ ቢኖር ያ ፊርማ ነው። ልጁ ቢወድቅ ቀበቶው እሱን አይዝ ይሆናል። ፊርማው ግን ድርጅቱን ይይዛል።

ፎርማኑ ብቻ ነው መሀል ሜዳ የቀረው። ሰው ሲወድቅ ፖሊስ መጥቶ መጀመሪያ «ፎርማኑ ማነው?» ይላልና። ለዚህ ነው አንድ ቀን ከታች ሆኖ ሲጮህ የሰማሁት፦ «ኧረ እባካችሁ ታሰሩ! እናንተ ካልታሰራችሁ የምታሰረው እኔ ነኝ!» ይህን ሲል አንድም ሰው አልሳቀም።

ጥር ላይ ባልዲው ወደቀ።

ሦስተኛው ፎቅ፣ ዘጠኝ ሜትር። ልጁ ሲዞር ጭራው አጠና ውስጥ ተጠመጠመ፣ መንጠቆው ተገለበጠ፣ ግማሽ ድረስ ሲሚንቶ የያዘው ባልዲ ለቀቀ። ከዘጠኝ ሜትር የሚወድቅ ነገር መሬት ለመድረስ አንድ ሰከንድ ከሩብ ትንሽ አለፍ ያለ ጊዜ ይፈጅበታል፤ ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መጨናነቅ በሌለበት ሰዓት ከአየር ጤና ወደ ጦር ኃይሎች የሚበር ሚኒባስ ማለት ነው። «ወየው!» ለማለት አይበቃም፤ እኛም ያልነው ከደረሰ በኋላ ነው። ያረፈው አንድ ደንበኛ ሒሳብ ሊከፍል ከተነሣበት በርጩማ ላይ ነው። በርጩማው ሁለት ቦታ ተሰነጠቀ። ጀበናው ተረፈ።

ያማተበው አማተበ፣ አልሐምዱሊላህ ያለውም አለ። ቡና ሻጯ ሲኒውን ሰበሰበች። እኛ ደንበኞቿ ተማክረን በርጩማዎቻችንን ወደ ኋላ አሸሸን፤ በስንት? በሁለት ሜትር። ሠራተኞቹም ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሉውን ሳይባሉ ታስረው ሠሩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው እንግዲህ። በማግስቱ ፎርማኑ ሁሉንም ሰብስቦ ጥብቅ ትእዛዝ ሰጠ፤ ከመንገዱ ማዶ እየሰማሁት ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ባልዲ ሳይታሰር ማንም አይሠራም።

ታሠረ። ከትርፍ ቀበቶ ገመድ ተቆርጦ፣ ባልዲው ከአርማታው ምሰሶ ጋር፣ በሁለት ቋጠሮ። ለሰው ያልተገኘው ምሰሶ ለባልዲ ተገኘ።

ቤቴል ባለ አንድ ካፌ ግድግዳ ላይ ያቺ የታወቀች ፎቶ አለች፤ አሥራ አንድ ሠራተኞች ኒውዮርክ ሰማይ ላይ ብረት ላይ ተደርድረው እግራቸውን አንጠልጥለው ምሳ የሚበሉባት። ገመድ የለ፣ መረብ የለ። እ.ኤ.አ. መስከረም 20 ቀን 1932 የተነሣች ናት። ከሥሯ ተቀምጠን ማኪያቶ እየጠጣን «እነዚህ ናቸው ወንዶች!» እንላለን። ያቺ ፎቶ ለሕንፃው ማስታወቂያ ተብላ የተነሣች መሆኗን ማንም አይነግረንም። ልክ እንደኛ ሳይት የማክሰኞ ፎቶ፤ እነሱ ያልታሰሩትን ለማሳየት፣ እኛ የታሰርን ለማስመሰል። እዚያው አሜሪካ ዓመት ሳይሞላ የተጀመረው የጎልደን ጌት ድልድይ ሲሠራ ግን ዋና መሐንዲሱ ጆሴፍ ስትራውስ ከ130,000 ዶላር በላይ አውጥቶ ከሥሩ መረብ ዘረጋ። አሥራ ዘጠኝ ሰው መረቡ ላይ ወድቆ ተረፈ። የተረፉት ማኅበር ቢጤ አቋቁመው ራሳቸውን «እስከ ሲኦል አጋማሽ ደርሰን የተመለስን» ብለው ጠሩ። እ.ኤ.አ. የካቲት 17 ቀን 1937 መድረክ ተገንጥሎ መረቡን ቀዶ አሥር ሰው ገድሏል፤ መረብም ልኩ አለው። ከዚያ ማኅበር አባላት የአንዱንም ፎቶ ግን ካፌ ግድግዳ ላይ አላየሁም። የተረፈ ሰው ለጌጥ አይሆንም መሰለኝ።

መታሰር የፈረንጅ ነገር ነው የሚለኝም አለ። ደብረ ዳሞ የወጣችሁ ወንዶች መስክሩ። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ አረጋዊ የተመሠረተው ገዳም መግቢያው አሥራ አምስት ሜትር ገደማ ቀጥ ያለ ገደል ነው። መውጫውን ጠፍር በእጃችሁ ትይዛላችሁ፤ ሌላ ጠፍር ደግሞ ወገባችሁ ላይ ይታሰራል፤ ከላይ መነኩሴ ይዞ ይስባል። ሁለት ገመድ፤ አንዱ ለመውጫ፣ አንዱ ለክፉ ቀን። ጻድቁን ዘንዶ አወጣቸው ይባላል፤ መነኮሳቱ ግን እንግዳ ሲመጣ ዘንዶ አይጠብቁም።

እኔስ? እዚህ ላይ ዝም ብል ደስ ይለኝ ነበር። ባለፈው ሐምሌ ጣሪያችን አፈሰሰ። የጎረቤት መሰላል ተዋስኩ፤ ሁለት አጠናና ዘጠኝ መወጣጫ፣ ስምንቱ በቦታው ያለ። አራት ሜትር ለሚወጣ መሰላል እግሩ አንድ ሜትር ከግድግዳው ይራቅ፣ ራሱ ከጣሪያው ጫፍ አንድ ሜትር ያህል ይለፍ እንደሚባል አውቃለሁ። ጭቃው አልፈቀደም፤ ቀጥ አድርጌ አቆምኩት። ባለቤቴ ከሥር ያዘችልኝ። «ሰውዬ፣ ተው፣ ሰው እንጥራ» አለች። «ለዚህች?» አልኩ። ነጠላ ጫማ አድርጌ፣ እርጥብ ቆርቆሮ ላይ።

ስወጣ ጀግና ነበርኩ። ለመውረድ ዞር ስል ቆርቆሮው አንሸራተተኝና ምስማሮቹ መስመር ላይ በደረቴ ተኛሁ። እንደ እንሽላሊት። ሃያ ደቂቃ ያህል አልተንቀሳቀስኩም። ከታች ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ምክር ይለግሳል፤ «በግራ!»፣ «ኧረ በቀኝ!»፣ «ጫማውን ይጣሉት!» በመጨረሻ አንድ ወጣት ገመድ ይዞ ወጣ። ወገቤን ሊያስር ሲል «ቆይ፣ እሱስ አያስፈልግም» አልኩት። እንደዚያ ተጋድሜም እንኳ አልኩት።

«ጋሼ፣ አይዞዎት፣ ወደ ታች አይዩ» አለኝ፤ አሠረኝም። ለካ ድምፁን አውቀዋለሁ። ያ ለሳኝ ነው፤ ከኛ በሁለተኛው ቅያስ ክፍል ተከራይቶ ኖሯል። ሌላውን ጫፍ የት እንዳሠረው ስጠይቀው የግቢውን የአርማታ የበር ምሰሶ አሳየኝ። ምሰሶ እንደሚያዋጣ ያውቃል፤ ሲያስረኝም ቋጠሮውን ሁለቴ ስቦ ሞክሮታል። ገመዱንስ ከየት እንዳመጣው አልጠየቅኩትም፤ ቢጫ ነበር።

ሕንፃው ቀለም ተቀብቶ አልቋል። አጠናው ለማገዶ ተሸጠ። ለሳኞቹ ዓለም ባንክ በኩል ሌላ ሳይት ገብተዋል አሉ። ባልዲው ከነገመዱ መሬት ቤቱ ውስጥ ተቀምጧል። ከቀበቶዎቹ አንዷ ለዘበኛው ተርፋለች፤ ትናንት ሳልፍ በሩ ላይ ውሻው ለብሷታል። በደረቱና በሁለት እግሮቹ መካከል ልክክ ብላ፣ መዳፍ ታስገባለች ጡጫ አታስገባም። መንጠቆዋ ከአርማታው ምሰሶ ጋር ተቆልፏል።